ከልጄ ማጠራቀሚያ ብበደር ምን አለበት?

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ 6 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ሴቷ 9 ዓመቷ ነው። ለሁለቱም በየሳምንቱ ትንሽ የኪስ ገንዘብ መስጠት ከጀመርን አምስት ወር ሆነን። ትንሹ ገንዘብ እጁ ላይ አያድርም። በተሰጠው ቀን ይጨርሰውና ሳምንቱን ሙሉ «ጨምሩልኝ» እያለ ይነዘንዘናል። ቁልፍ ያለው ማጠራቀሚያ ሳጥን ገዛሁለት፤ በሦስተኛው ቀን በማንኪያ ፈልቅቆ ከፈተው። ትልቋ ደግሞ የሱ ተቃራኒ ናት። አንድ ሳንቲም አታወጣም። እርሳሷ አልቆ እንኳ ከራሷ አትገዛም። ጎበዝ ቆጣቢ ስለሆነች ደስ ይለኛል፤ ዝርዝር ሲያጥረኝ እንኳ ከሷ ሳጥን ነው የምወስደው፣ ሲመቸኝ እተካዋለሁ። ጥያቄዬ ስለ ትንሹ ነው። እንዴት አድርጌ እንደ እህቱ ቆጣቢ ላድርገው? ሥራ ሲሠራ ብቻ እየከፈልኩት ቢሆንስ? ባለቤቴ «ገና ሕፃን ነው፣ ተዪው» ይለኛል። እኔ ግን ከአሁኑ ካልያዝኩት እየባሰበት የሚሄድ ይመስለኛል።

መልስ

ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ።

ወደ ትንሹ ከመሄዴ በፊት በመሃል ስላለፍሻት አንዲት መስመር ላውራሽ። «ዝርዝር ሲያጥረኝ ከሷ ሳጥን ነው የምወስደው፣ ሲመቸኝ እተካዋለሁ» ብለሻል። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ እዚያው መስመር ላይ ቆምኩ።

እኔም አድርጌዋለሁና። ሁለተኛዋ ልጄ የ8 ዓመት ልጅ ሳለች ባለ 24 ቀለም እርሳስ ለመግዛት ታጠራቅም ነበር። አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ ነበራት። በየሳምንቱ ሳንቲሞቿን ከጨመረች በኋላ እስከ የት እንደደረሱ ጠርሙሱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምራለች። አንድ ቀን ጠዋት ለመንገድ ዝርዝር አጣሁና ከጠርሙሱ ዘግኜ ወጣሁ፤ ማታ እመልሳለሁ ብዬ። ማታ ደክሞኝ ገባሁ። በማግስቱ ረሳሁት። ቀኑ ደርሶ ሳንቲሟን ልትጨምር ጠርሙሱን ስታነሳ ሳንቲሞቹ ከቀዩ መስመር በታች ወርደዋል። ወደ መስኮቱ ወስዳ ብርሃን ላይ ያዘችው። አዙራ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አንድም ቃል አልተናገረችም። በእጇ የያዘችውን ግን ጠርሙሱ ውስጥ አልጨመረችም፤ ይዛ ወጣችና እዚያው ቀን አጠፋችው። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው። እኔም «ይቺ ልጅ አባካኝ ሆነችብኝ» ብዬ ለሰው አወራሁ።

22 ዓመት ሙሉ ሕፃናት ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ። ነገሩ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስለ አንድ ጥናት ሳነብ ነው። ሰለስት ኪድ የምትባል ተመራማሪ አሜሪካ ባለው ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቿ ጋር ያካሄደችው ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ላይ ነው። 28 ሕፃናት ነበሩ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው። መጀመሪያ ያረጁ ቀለሞች ተሰጧቸውና «ትንሽ ብትጠብቁ የተሻለ እናመጣላችኋለን» ተባሉ። ለግማሾቹ ቃሉ ተፈጸመ። ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ ለካ የለንም» ተባለ። ይኸው ነገር በተለጣፊ ሥዕልም ተደገመ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ማርሽማሎው የሚባል አንድ ለስላሳ ጣፋጭ ፊታቸው ተቀመጠ፤ ሳይበሉ ከጠበቁ ሁለት እንደሚያገኙ ተነገራቸው። ቃል የተፈጸመላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቁ። ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ገደማ። እስከ መጨረሻው፣ ማለትም 15ቱን ደቂቃ የጠበቁት፣ ከመጀመሪያዎቹ 14 ልጆች 9 ሲሆኑ ከሁለተኛዎቹ 14 ግን አንድ ብቻ ነው።

እነዚያ 3 ደቂቃ ብቻ የጠበቁ ልጆች አስበውበታል። ቃሉን የማይጠብቅ ሰው «ቆይ፣ ይሻልሃል» ሲል ማን ይጠብቃል? አንቺስ ትጠብቂያለሽ? ቁጠባ ማለት ለልጅ ይኸው ነው፤ የዛሬዋን ሳንቲም ለማታየው ቀን አደራ መስጠት። አደራ ተቀባዮቹ ደግሞ እኛ ነን።

ልጄ ዛሬ የልጅ እናት ናት። ጥናቱን ያነበብኩ ዕለት ደወልኩላት። ስለ ጠርሙሱ ገና ስጀምርላት «ሁለት ጣት ያህል ነበር የጎደለው» አለችኝ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የልጅሽን ገንዘብ መልሺ። ስንት እንደሆነ ካላስታወስሽ አብዝተሽ ገምቺ። ማንም ሳያይ ሳጥኑ ውስጥ እንዳትጨምሪው፤ በእጇ ስጫትና እሷው ትክተተው። «ሳልጠይቅሽ ወስጄብሽ ነበር፣ ልክ አልነበርኩም» በያት። ከዚህ በኋላ ከቸገረሽ ጠይቂያት። እምቢ ካለችሽም እምቢታዋን ተቀበዪ። እሺ ካለች ስንት እንደወሰድሽና መቼ እንደምትመልሺ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጪላት። «የራሴ ልጅ አይደለች እንዴ፣ ምን ይሄን ሁሉ!» እንደምትዪ ይገባኛል። ግን ገንዘቡን ከሰጠሻት በኋላ የሷ ነው። የሷ ካልሆነ ምኑን ትማርበታለች?

እግረ መንገዴን፣ ትልቋን ቆጣቢ ከማለትሽ በፊት አንዴ አነጋግሪያት። እርሳሷ አልቆ የራሷን ገንዘብ የማትነካ ልጅ ታሳስበኛለች። ምናልባት ልትገዛው የምትፈልገው ትልቅ ነገር ይኖር ይሆናል፤ እሰየው። ምናልባት ግን ፈርታ ይሆናል። በክፍሌ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች አይቻለሁ። ከወጣ የሚመለስ አይመስላቸውም፤ ስለዚህ ጨብጠው ይይዛሉ። እሷ መማር ያለባት ማውጣትን ነው። ሁለት ዕቃ ይኑራት፤ አንዱ ለሩቅ ነገር፣ አንዱ ለዚህ ወር። የዚህ ወሩን አውጥታ የሚያስደስታትን ትግዛበት፤ ለሌላ ሰው ስጦታ ብትገዛበትም ጥሩ ነው። ካናዳ ውስጥ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት እንኳ ለራሳቸው ሲቀበሉ ከሚታይባቸው ደስታ ይልቅ ለሌላ ሲሰጡ የሚታይባቸው እንደሚበልጥ አሳይቷል። መስጠት ገንዘብን ከጭብጥ ውስጥ የሚያወጣ ደስ የሚል በር ነው።

አሁን ወደ ትንሹ ጌታ እንምጣ።

መጀመሪያ ያንን ባለ ቁልፍ ሳጥን አስወግጂው። በማንኪያ ፈልቅቆ የከፈተው የገዛ ገንዘቡን ነው፤ አልሰረቀም። ሳጥኑ ውስጡን አያሳይም፣ ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ነው። ለሱ እዚያ ውስጥ የገባ ሳንቲም ጠፋ ማለት ነው። ንጹሕ ጠርሙስ ስጪው፤ ክዳኑን ራሱ የሚከፍተው። እንደ ልጄ መስመር ያስምርበት። መስመሩ ከፍ ሲል ማየት ከመቶ ምክር ይሻለዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብትዪው የስድስት ዓመት ልጅ መልሶ የሚጠይቅሽ «መቼ?» ብሎ ነው። እውነቱን ነው። መቼ እንደሆነ ማየት አለበት።

ስለዚህ የሚያጠራቅምለት ነገር ቅርብ ይሁን። ለሱ ዕድሜ ሁለት ሳምንት ብዙ ነው፣ ሦስት ሳምንት ጫፍ ነው። «ለትምህርትህ፣ ለወደፊትህ» የሚባለውን ተዪው፤ የሚያየው ነገር የለም። ራሱ የመረጠው ትንሽ ነገር ይሁን። ሥዕሉን ሥሎ ጠርሙሱ ላይ ይለጥፍ። አንዴ በሁለት ሳምንት አጠራቅሞ በገዛ እጁ ከፍሎ ከገዛ በኋላ ለአራት ሳምንት መጠበቅ ይችላል።

በዝርዝር ስጪው። ይህን የምለው አንድ ነገር ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ክፍል ውስጥ ስድስት ስድስት ሳንቲም በሁለት ረድፍ አደርግና እኩል መሆናቸውን ልጆቹን አስቆጥራቸዋለሁ። ከዚያ እያዩኝ አንዱን ረድፍ ራቅ ራቅ አድርጌ እዘረጋዋለሁ። «የቱ ይበዛል?» ስላቸው አራት አምስት ዓመት የሆናቸው ያለ ምንም ጥርጥር ረጅሙን ይጠቁማሉ። አሁን እኮ ቆጥረውታል! ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ይህን ቀድሞ በሰፊው ጽፎበታል፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ብዙ ልጅ የሚያምነው ዓይኑን ነው። ልጅሽ እዚያው ድንበር ላይ ነው ያለው። አንዲት የገንዘብ ወረቀት ከአምስት ዝርዝር ሳንቲሞች እኩል ናት ብትዪው በአፉ እሺ ይልሻል፣ በልቡ ግን የተሸወደ ይመስለዋል። ደግሞ አንዲት ወረቀት ለሁለት አትከፈልም፤ ወይ ሙሉዋን ያጠፋል ወይ ሙሉዋን ይይዛል። አምስት ሳንቲም ሲሆን ሁለቱን ጠርሙስ ውስጥ፣ ሦስቱን ኪሱ ማድረግ ይችላል። መከፋፈልን የሚለማመደው እንደዚህ ነው።

«ጨምሩልኝ» ሲል አትጨምሪለት። እዚህ ላይ ጨክኚ። ጭማሪ በመጣ ቁጥር የሚማረው ገንዘብ እንደማያልቅ ነው። ግን ሲያለቅስ «አላልኩህም?» እንዳትዪው፣ በእናትሽ። የገዛት መጫወቻ በምሽቱ ተሰብራ ይዟት ሊመጣ ይችላል። አጠገብሽ አስቀምጠሽ አባብዪው፤ «ያሳዝናል፣ ለሱ ነበር ያወጣኸው» በዪው። በቃ። ትምህርቱ እንባው ውስጥ አለ፤ አንቺ ጨምረሽ ካስተማርሽው የሚያስታውሰው ቁጣሽን ነው። ሁለት ቀን ቆይተሽ፣ ረጋ ባለ ሰዓት፣ «የሚቀጥለውን ስትቀበል ምን ልታደርግበት አሰብክ?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱ ምንም ይሁን፣ አዳምጪው።

ሥራ ሲሠራ ብቻ ልክፈለው ወይ ላልሽው የኔ መልስ አይሆንም ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለ መዋዕለ ሕፃናት የተደረገ የታወቀ ጥናት አለ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ተመረጡ። አንዳንዶቹ «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» ተባሉ፣ ሽልማቱም ተሰጣቸው። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ እነዚህ ልጆች ማንም ሳያዛቸው ለመሣል የሚያጠፉት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። አልጋ ማንጠፍ እንደ ሥዕል የሚወደድ ነገር አይደለም፣ ልክ ነሽ። ግን ለያንዳንዱ ነገር ከከፈልሽው አንድ ቀን «ዛሬ ገንዘብ አልፈልግም፣ አላነጥፍም» ይልሻል፤ ያኔ መልስ የለሽም። የቤቱ ሥራ የቤቱ ሰው ሁሉ ነው። የኪስ ገንዘቡ የመማሪያ ደብተሩ ነው። ደብተር በቅጣት አይነጠቅም፤ ስላጠፋም የሳምንቱን አትቁረጪበት። ሌላ ሰው ቀጥረሽ ልታሠሪው የነበረ የተለየ ሥራ ካለና እሱ ከቻለው፣ ያኔ ክፈይው፣ ደስ ይበለው።

መጠኑን አልጠየቅሽኝም፤ ሌሎች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛልና በአንድ አፍ ልመልሰው። ሳታቋርጪ ልትሰጪ የምትችይውን ያህል ይሁን። እጅሽ ባጠረበት ወር የሚቀር ከሆነ በዝቷል ማለት ነው። ትንሽ ሆኖ ቀኑን የማይስት ይሻላል። አንድ ቀን መርጠሽ ያዢ፤ እሱ ከመጠየቁ በፊት አንቺ ስጪ።

የመጨረሻው፣ እባክሽ «እንደ እህትህ ሁን» የሚለውን ተዪ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል ስታንፎርድ ላይ የማርሽማሎውን ፈተና ከጀመረ ወዲህ የጠበቀ ልጅ ወደፊት ይሳካለታል፣ ያልጠበቀ ይቸገራል የሚል ወሬ ዓለምን ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ900 በላይ ልጆችን ያየ ጥናት ሲወጣ ግን ግንኙነቱ ቀድሞ ከተባለው ግማሽ ያህል ሆነ፤ የቤተሰቡ ሁኔታና የልጁ ሌላ ችሎታ ሲቆጠር ደግሞ ከዚያም በጣም አነሰ። ባለቤትሽ «ገና ሕፃን ነው» ማለቱ እውነት አለው። «ተዪው» ማለቱን ግን አልስማማበትም።

ጥያቄ

ወንድ ልጄ 5 ዓመቱ ነው። እኛ ቤት ሁሉም ነገር በስልክ ነው የሚከፈለው። ባለፈው «ገንዘብ የለንም» ስለው «ስልክህን ቻርጅ አድርገው» አለኝ። እንዴት ላስረዳው?

መልስ

ወንድሜ፣ ልጅህ ያየውን ነው የተናገረው። ስልኩን ታስጠጋለህ፣ ድምፅ ያሰማል፣ ዕቃውን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከእጅህ የጎደለ ነገር አላየም። አንተ ስትነካው ብቻ የሚሠራ አስማት ነው ለሱ።

ለጊዜው የሱን ነገር በጥሬ ገንዘብ አድርገው። ከሚገዛው ነገር ቢያንስ አንዷን በሳምንት በጥሬ ገንዘብ ይክፈል፤ እሱ ቆጥሮ ይስጥ፣ መልሱንም እሱ ይቀበል። ሰልፍ ቢረዝም አትሸማቀቅ። አንተ በስልክ ስትከፍል ደግሞ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ተናገር፦ «ሠርቼ ካገኘሁት ውስጥ ይህን ያህሉ አሁን ሄደ፣ ይህን ያህል ቀረን።» ቁጥሩ ባይገባውም መቀነሱ ይገባዋል። እቤት ስትገቡ በባቄላም ሆነ በጠጠር አሳየው፤ አሥር ደርድርና የወጣውን ያህል አንሳ። ሁለተኛውን ቀን ራሱ ማንሳት ይፈልጋል።

ደግሞ «ገንዘብ የለንም» ስትል እውነት የለህም? ለዚያ ነገር ማውጣት ካልፈለግክ «ለሌላ ነገር አስቀምጬዋለሁ» በለው። የለንም ብለኸው ወዲያው ሌላ ስትገዛ ካየህ ሁለተኛ አያምንህም።

ጥያቄ

የ10 ዓመት ልጄ ከዘመድ ገንዘብ ሲሰጣት «አስቀምጥልሻለሁ» ብዬ እወስደዋለሁ። ሰሞኑን ለአክስቷ ልብስ እንድትገዛላት ነግራት ገንዘቡን ለኔ ሳታሳየኝ በቀጥታ ለሷ ሰጠቻት። ደብቃኛለች። ተናደድኩ። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ ከመናደድሽ በፊት አንድ ጥያቄ መልሺልኝ። እስከ ዛሬ «አስቀምጥልሻለሁ» ብለሽ የወሰድሽው ስንት ደርሷል? የት ነው ያለው? አሁን ይህን ስታነቢ ቁጥሩ ወዲያው ካልመጣልሽ ልጅሽም አታውቀውም ማለት ነው። ባታሳይሽ ምን ይገርማል?

ለትልቅ ገንዘብ እኔም አደራ ጠባቂ ያስፈልጋል እላለሁ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሁሉንም ትያዝ አልልም። የተወሰነውን ወዲያው እጇ ላይ ተዪላት። ለቀሪው ቀጭን ደብተር ግዢላት። ቀን፣ ማን እንደሰጣት፣ ስንት፣ እናቴ ጋ ያለ ስንት። የምትጽፈው እሷ ናት፤ አንቺ ፈርሚላት። ባንክ ሂሳብ ከከፈትሽላት ይዘሻት ሂጂ፣ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥርና የባንኩ ቁጥር እኩል መሆኑን ራሷ ታመሳክረው።

እስካሁን የተቀበልሽውንም ቁጭ ብላችሁ አስታውሱትና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይግባ። እሷ ካንቺ የተሻለ ታስታውሰዋለች።